ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ግብርን በፍሬው የመዘኑ ሰው

የመንግሥት ግብር በሁለት ሚዛን ይመዘናል። አንደኛው ሚዛን በዓመቱ መጨረሻ ወደ ግምጃ ቤት የገባውን ብር፣ እህልና ማር ቈጥሮ ካምናው ጋራ ማስተያየት ነው። ሁለተኛው ሚዛን ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ ግብሩ ከተከፈለ በኋላ ከፋዩ በምን ሁኔታ እንደ ቀረ፣ ገበሬው ለከርሞ በሬውንና ዘሩን ይዞ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው ጭነቱን አብዝቶ ለመመለስ ተችሎት እንደ ሆነ፣ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለምን ሥራ እንደ ዋለ ይጠይቃል። በፊተኛው ሚዛን የደለበ የመሰለ ግምጃ ቤት በኋለኛው ሚዛን ሲመዘን አገሩን ያከሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በአማርኛ ቋንቋ ይህን ሁለተኛውን ሚዛን አንሥተው የአገራቸውን ግብር፣ ቀረጥና የመንግሥት ወጭ በጽሑፍ ከመረመሩት ሰዎች የቀዳሚነቱን ስፍራ የያዙት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ዕድሜያቸው አጭር ነበረ፤ የኖሩት 33 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ትተውት ያለፉትም ዋና ሥራ ሁለት ጽሑፍ ነው። ቢሆንም ስለ መንግሥት ሀብት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከእርሳቸው ሳይነሣ አይጽፍም። የሕይወታቸው መንገድ ከምጽዋ ወደብ የተነሣ፣ የመጀመሪያውም ጽሑፋቸው በአስመራ የታተመ ስለ ሆነ፣ የባሕሩ አገር ሰው ታሪካቸውን እንደ ሩቅ አገር ታሪክ አድርጎ አይሰማውም።

ልጅነታቸውና ትምህርታቸው

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግሬ አገር በዐድዋ አውራጃ ማይ ምሻም በሚባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ በወደቁበት ጦርነት እርሳቸውም አብረው ሞቱ። ሕፃኑም ገና ጡት ከመተው ብዙም ሳይርቅ የሙት ልጅ ሆነ።

ያ ዘመን ለትግሬና ለመላው ኢትዮጵያ ክፉ ዘመን ነበረ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውንና ላሙን ፈጀው፤ በሬ ያጣ ገበሬ እርሻውን ተወ፤ አንበጣና ድርቅም ተጨመረበት። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እያለ የሚጠራው ረኃብ ይህ ነው። በዚሁ ጊዜ ደግሞ ሠራዊት ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዘምት ነበርና የተረፈውን እህል ወታደሩ ይበላው ነበር። ገብረ ሕይወት በኋላ ስለ ግብርና ስለ ወታደር ቀለብ ሲጽፉ የጻፉት ከመጽሐፍ ብቻ ተምረው አይደለም፤ ይህን ካየው አገርና ትውልድ የወጡ ነበሩ።

የሰባት ዓመት ልጅ በሆኑ ጊዜ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ወደ ባሕሩ አገር ወርደው በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው በስዊድን ሚስዮን ተጠጉ። ምጽዋ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያ እጅ ስለ ነበረች ከስዊዝ ቦይ የሚመጣ መርከብ ይደርስባት ነበር። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን ልጆቹ ወደ ወደቡ ወርደው አንድ የጀርመን መርከብ ለመጐብኘት የመርከቡን አለቃ አስፈቀዱ። ጐብኝተው ሲጨርሱ ሌሎቹ ወደ ምድር ወረዱ፤ ገብረ ሕይወት ግን ተሸሽገው ቀሩ። መርከቡ ወደ ባሕሩ ከራቀ በኋላ በተገኙ ጊዜ አለቃው ሊመልሳቸው ስላልተቻለው እስከ ኤውሮፓ ይዟቸው ሄደ፤ በኦስትሪያም ለአንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብ አደራ ሰጣቸው። በዚያ የጀርመንኛን ቋንቋ ተምረው አደጉ፤ በበርሊንም ከፍተኛ ትምህርት እንደ ተከታተሉ ይነገራል።

በዚያ ዘመን የጀርመን አገር ለተመልካች ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረ። የጀርመን መሳፍንት ቀድሞ እያንዳንዳቸው በየድንበራቸው ኬላ አቁመው ነጋዴውን ያስከፍሉት ነበር። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1834 ዓመት ግን አብዛኞቹ ተስማምተው የውስጡን ኬላ አነሡና ቀረጡን በውጭው ድንበር ላይ ብቻ አደረጉት። ከዚያም በኋላ ፋብሪካው፣ የምድር ባቡሩና ንግዱ ባንድነት አደጉ፤ በ1871 ዓመትም አገሮቹ አንድ መንግሥት ሆኑ። ከዐድዋ አውራጃ የሄደ ወጣት በዚህ አገር ሲያድግ ሁለቱን አገሮች ሳያስተያይ ሊቀር አይችልም ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት

ገብረ ሕይወት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አማርኛን አጥንተው ካወቁ በኋላ የዐፄ ምኒልክ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኑ። አስተርጓሚ የሆነ ሰው የሁለት ወገን አሳብ በእርሱ አፍ ስለሚያልፍ፣ በአንዱ ቋንቋ ቀላል የሆነው ነገር በሌላው ቋንቋ ስም እንኳ የሌለው መሆኑን ቶሎ ይረዳል። የመንግሥት በጀት የሚባለው ነገር በዚያን ጊዜ እንዲህ ካሉት ነገሮች አንዱ ነበረ።

የመንግሥቱ ገቢ ብዙ ስም ነበረው። የመሬት ግብር በእህል፣ በማር፣ በቅቤ፣ በከብትና በጉልበት ይከፈል ነበር። አገረ ገዢውና መልከኛው በወር የተቈረጠ ደመወዝ ስላልነበራቸው የተሾሙበት አገር ግብር ራሱ ደመወዛቸው ነበረ። በደቡብ አገሮች ደግሞ ገባሩ ለወታደሩ ተቈጥሮ ይሰጥ ነበር። ከክፉ ቀን ወዲህ ዐፄ ምኒልክ ተሰሪ ወታደር በባላገር ቤት እየገባ ማብላቱ አገር ማጥፋቱን አይተው፣ በዚያ ፋንታ ባላገሩ ዐሥራት እንዲከፍልና ወታደሩም ከጎተራ ቀለቡን እንዲቀበል ዐዋጅ አወጁ። የዐዋጁ አሳብ ባላገሩን ለማሳረፍ ነበረ፤ ስለዚህም ታላቅ ሥራ ነው። በአፈጻጸሙ ግን ሌላ ችግር ተወለደ። ዐሥራቱ በዐውድማ ላይ በግምት ስለሚወሰን ገበሬው ገማቹ እስኪመጣ ድረስ እህሉን ሳያነሣ ይጠብቅ ነበር፤ ገማቹንና ተከታዩን ያበላ ነበር፤ በመጨረሻም የተወሰነበትን እህል ተሸክሞ ብዙ ቀን መንገድ እየሄደ ወደ ጎተራ ያደርስ ነበር። በመዝገብ የሚጻፈው ዐሥረኛው እጅ ብቻ ነው፤ የጠፋው ቀን፣ የበሰበሰው እህልና የገማቹ ድግስ ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈም። ያልተጻፈውም ከተጻፈው የሚበልጥበት ጊዜ ነበረ።

የወጭውም ነገር እንዲሁ ነበረ። የንጉሡ ቤት ወጭና የመንግሥት ወጭ በአንድ ግምጃ ቤት ስለሚጠበቅ የመንግሥት ብር ስንት እንደ ሆነና በምን ላይ እንደ ዋለ ለይቶ ማወቅ የሚችል አልነበረም። የገቢው ብዙ ክፍል ለጦር መሣሪያ፣ ለሠራዊት ቀለብና ለግብር ድግስ ይወጣ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በበኩላቸው ስልክና ቴሌግራፍ አስገብተዋል፤ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቅደዋል፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ እንዲከፈት አድርገዋል፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒስትሮች ሾመው ለገንዘብና ለንግድ ጉዳይ ኀላፊ አቁመዋል። ነገር ግን የሚኒስትሩ ስም ቀድሞ መጣ እንጂ ሚኒስትሩ የሚሠራበት የሒሳብ መዝገብ ገና አልመጣም ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ በታመሙ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የወገን ክርክር ተነሣ። ገብረ ሕይወት የኤውሮፓ ትምህርት የነበራቸው ሰው ስለ ሆኑ ከክርክሩ ሊያመልጡ አልቻሉምና ከአገር ወጥተው በስደት ቈዩ። ከሥልጣን መራቃቸው ግን ለብዕራቸው ጊዜ ሰጠው።

በአስመራ የታተመው ጽሑፍ

በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓመት በአስመራ የስዊድን ሚስዮን በሚያወጣው «ብርሃን ይሁን» በተባለው መጽሔት ውስጥ «ዐጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፋቸው ወጣ። የእምኩሉው ልጅ ሰው ሆኖ በዚያው በስዊድኖች ማተሚያ ቤት ቃሉን አሳተመ ማለት ነው። ጽሑፉ ካለፉት ነገሥታት ዘመን ተነሥቶ የአገሪቱን ሁኔታ ከመረመረ በኋላ፣ አልጋ ወራሽ ለሆኑት ለልጅ ኢያሱ የሚሆን የማሻሻያ ምክር ያቀርባል።

ከምክሮቹ የመጀመሪያው ረድፍ የሚመለከተው ገንዘብን ነው። የንጉሡ የቤት ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፤ ሕዝቡ የሚከፍለው ግብር በዐይነትና በጉልበት መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲሆንና እንደ ከፋዩ ዐቅም እንዲወሰን፤ በአገሩ ሁሉ አንድ ዐይነት ገንዘብ እንዲሠራበት፤ የጉምሩክም ሥርዐት አንድ ወጥ እንዲሆን ይመክራል። የቀሩት ስለ ወሰን መለየት፣ ስለ ሕግ መጽሐፍ መሻሻል፣ ስለ ሠራዊት ትምህርት፣ ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ሃይማኖት ነጻነት የሚናገሩ ናቸው።

እነዚህ ምክሮች በየብቻቸው ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ የቆመ ነው። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ካልተለየ ወጭው ሊመረመር አይችልም። ሹም በደመወዝ ካልኖረ ግብሩን ከሕጉ በላይ ማስከፈሉ አይቀርም፤ ደመወዝ ለመክፈል ደግሞ ግብሩ በገንዘብ መግባት አለበት። ግብሩ በገንዘብ እንዲገባ ባላገሩ እህሉን ሸጦ ብር የሚያገኝበት ገበያ ያስፈልገዋል፤ ገበያውም እንዲሰፋ ነጋዴው በየኬላው መቆም የለበትም። አንዱ ብቻ ተይዞ ሌሎቹ ቢተዉ ማሻሻያው ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ብር በማይገኝበት አገር ግብር በብር ብቻ ቢጠየቅ፣ ገበሬው በመከር ጊዜ እህሉን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል፤ በክረምትም ያንኑ እህል በውድ መልሶ ይገዛል።

የገንዘቡ ነገር በዚያ ዘመን እንዴት እንደ ነበረ የቀድሞ ነጋዴዎች ያውቁት ነበር። ዋናው መገበያያ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ መልካቸው ያለበትን ብር አስመትተው ነበር፤ ኢጣልያኖችም በኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታለሮ አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን ባላገሩ ከማርያ ቴሬዛ በቀር ማመን አልወደደም። ለትንንሹ ግዢ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር፤ አሞሌው ከተቈረጠበት ከአፋር ቈላ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። እንዲህ መስፈሪያው ከቦታ ቦታ በሚለዋወጥበት አገር ግብሩ ከበደ ወይም ቀለለ ብሎ በእርግጥ መናገር አይቻልም፤ መስፈሪያው ሳይጸና የሚሰፈረው አይታወቅምና።

የድሬዳዋ ነጋድራስ

ገብረ ሕይወት በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ አገራቸው ተመልሰው በመንግሥት ሥራ ገቡ። በመጀመሪያ በምድር ባቡሩ ጉዳይ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ማለት በቀድሞው ልማድ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን የጉምሩክ ሹምና የነጋዴ ዳኛም ነበረ። ስለ ቀረጥ በብዕር የጻፈው ሰው ራሱ በቀረጥ መቀበያው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላው ደራሲ ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስም በዚያው በድሬዳዋ ጉምሩክ ተሹመዋል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ባዶ ሜዳ የነበረው ስፍራ ከተማ ሆነ። አቡጀዲዱ፣ የጦር መሣሪያውና መጠጡ ከባሕር ይመጣል፤ ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ ወደ ባሕር ይሄዳል። በዚያ የተቀመጠ ሹም የአገሪቱን የንግድ ሚዛን በዐይኑ ያይ ነበር።

በዚያም ሁለት ነገር ለመመርመር ይመች ነበር። የመጀመሪያው የውስጥ ኬላ ነው። ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ ነጋዴ 100 ብር የሚያወጣ ጭነት ይዞ በአምስት ኬላ ቢያልፍና በያንዳንዱ 4 ብር ቢከፍል 20 ብር ከፈለ ማለት ነው። እያንዳንዱ ኬላ ጠባቂ የወሰደው ጥቂት እንደ ሆነ ያስባል፤ የአምስቱ ድምር ግን የጭነቱን ዋጋ አምስተኛ እጅ ይወስዳል። ነጋዴውም ይህን ከኪሱ አይከፍልም፤ ወይ ለገበሬው የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይ በገዢው ላይ ይጨምራል፣ ወይም ንግዱን ይተዋል። በመጀመሪያው ገበሬው ይጎዳል፤ በሁለተኛው ከተሜው ይጎዳል፤ በሦስተኛው ሁሉም ይጎዳሉ፤ ግምጃ ቤቱም ከዚያ በኋላ የሚያስከፍለው አያገኝም።

ሁለተኛው የውጭ ውል ነው። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ የተደረገው፣ በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የተባለው ስምምነት፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚገባው ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከዋጋው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ በወይን ጠጅና በቢራ በመሰለው መጠጥ ላይ ደግሞ ከመቶ 8 እንዳይበልጥ ወሰነ። እንግዲህ መንግሥት ለአገር የሚጠቅመውን መሣሪያ በቀላል፣ የማይጠቅመውን የቅምጥልነት ዕቃ በከባድ ቀረጥ ለማስገባት ቢፈልግ እጁ ታስሯል። ከማረሻ ይልቅ ለመጠጥ የቀለለ ቀረጥ ወጣ ማለት ነው። ከውጭ ዕቃ ሊገኝ ያልቻለው ገቢም ወደ አገሩ ሰው ዞሮ በመሬት ግብሩና በውስጥ ኬላው ላይ ተጫነ። እንዲህ ያለው ውል የሚያመጣው ውጤት በፈራሚዎቹ ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ በጉምሩኩ ግቢና በገባሩ ቤት ግን ይታያል።

ዋናው መጽሐፍ

ከዚህ ሁሉ ልምድ የተወለደው ዋና ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይባላል። በሕይወት ሳሉ አልታተመም፤ በአዲስ አበባ ለኅትመት የበቃው በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ መነሻ ሀብት የሚገኘው ከሥራ ነው የሚል ነው። ወርቅና ብር የሀብት መለዋወጫ ናቸው እንጂ ራሳቸው ሀብት አይደሉም። ሥራ ደግሞ ፍሬው የሚበዛው በዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ይሠራዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሕዝቦች ሲነግዱ በዋጋ እኩል የመሰለው ልውውጥ በድካም እኩል አይደለም። ጥሬውን ቆዳ ሸጦ የተሰፋውን ጫማ የሚገዛ አገር ለጥቂት ቀን ሥራ ብዙ ቀን ሥራውን ሰጥቷል፤ ልዩነቱም ከዓመት ወደ ዓመት ሲጠራቀም የኢኮኖሚ ጥገኝነት ይሆናል። በነጻነት ያለ መንግሥት እንኳ በዚህ መንገድ የሌላው ሎሌ ሊሆን ይችላል።

የምድር ባቡሩንም የሚመለከቱት በዚሁ ዐይን ነው። ሐዲድ ብቻውን አገር አያበለጽግም፤ የሚጭነውን የሚያመርት፣ የሚያስተዳድረውም ዕውቀት ያለው የአገር ሰው ከሌለ ባቡሩ የጥሬ ዕቃውን መውጣትና የውጭውን ዕቃ መግባት ከማፋጠን አያልፍም። ይህን ያሉት ባቡርን ጠልተው አይደለም፤ የመንግሥት ወጭ ከትምህርት ጋራ ካልተጣመረ ፍሬው ለሌላ እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለግብርም ለወጭም ይሠራል። ግብር ከዓመቱ ሥራ የተረፈውን ከወሰደ ሕዝቡ ይችለዋል፤ ዘሩንና በሬውን ከወሰደ ግን መንግሥት የራሱን የከርሞ ገቢ በላ ማለት ነው። ወጭም ለመንገድ፣ ለትምህርት፣ ለዳኝነትና ለጸጥታ ከዋለ ወደ ከፋዩ ተመልሶ ሥራውን ያበረታል፤ በድግስና በእርስ በርስ ጦርነት ካለቀ ግን ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አንደኛ ከባላገሩ እጅ፣ ሁለተኛ ከመንግሥቱ ግምጃ ቤት። ለዚህ ሁሉ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሷት ጃፓን ናት፤ ከኢትዮጵያ ባልተለየ ሁኔታ ተነሥታ በትምህርትና በሥርዐት ከኤውሮፓ ጋራ ለመወዳደር በመቻሏ ነው።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን የሕዝብ ቈጠራ፣ የመሬት መዝገብና የታተመ በጀት ስላልነበረ ክርክሩ በቍጥር ሳይሆን በአሳብ ቅደም ተከተል የቆመ ነው። ስለ አገሩ ሰው አለማወቅም የሚናገረው ቃል አልፎ አልፎ ይከብዳል። የአሳቡ ዋና ሥር ግን ዘመን አልሻረውም። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ዓመት ገደማ የአርጀንቲናው ሊቅ ራውል ፕሬቢሽ ጥሬ ዕቃ ሻጭና የፋብሪካ ዕቃ ሻጭ አገሮች የሚያደርጉት ንግድ ስለ መበላለጡ በጻፉ ጊዜ ዓለም አሳቡን እንደ አዲስ ነገር ተቀበለው፤ የድሬዳዋው ነጋድራስ መጽሐፍ ግን ከዚያ በፊት ሩብ ምእት ዓመት ያህል ቀድሞ ታትሞ ነበር። በአማርኛ ስለ ተጻፈ ከአገሩ ውጭ የሰማው አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በሎንዶን የወጣው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ዓመት ነው።

ከሞታቸው በኋላ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ሞቱ። የመከሩት ምክር አንዱም በዘመናቸው ሲፈጸም አላዩም። ከእርሳቸው በኋላ ግን አንዱ አንዱ ቀስ እያለ ወደ ሕግ ገባ። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ በየዓመቱ በሚወሰነው በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ ደነገገ። ከጠላት ወረራ በኋላ አገረ ገዢዎች በደመወዝ እንዲኖሩ ተደረገ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ የጉልበትና የዐይነት ግብርን ሽሮ ክፍያውን በገንዘብ አደረገው፤ ለተለካ አንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር የዐሥራት ምትክ፣ ለለም ጠፍ 10 ብርና 30 ብር፣ ለጠፍ 5 ብርና 10 ብር ወሰነ። በዚያው ዓመት አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀ፤ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽኑ ጊዜ ወደ ኤርትራም ገብቶ የምሥራቅ አፍሪቃን ሽልንግ ተካ።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን ሁለተኛው ሚዛን እንደ ገና ያስፈልግ ነበር። የ1937ቱን የዐሥራት ክፍያ በብዙ አገር ባለመሬቱ ወደ ጭሰኛው አሻገረው፤ በመዝገብ ከፋይ የተባለው አንድ ሰው ሲሆን በእውነት የከፈለው ሌላ ነበረ። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራቱን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብርን የተካው ዐዋጅ በወጣ ጊዜም፣ በጎጃም የሚኖረው ባለርስት ግምቱና ልኬቱ ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ መስሎት ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ለመለዘብ ተገደደ። ዐዋጁ በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ነበረ። ነገር ግን ከፋዩ ስለ ምን እንደሚከፍልና ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አልተረዳም፤ ከቀደመው ግብርም መንገድና ትምህርት ቤት ሲመለስለት አላየም ነበር። የገብረ ሕይወት ምክሮች ተያይዘው እንጂ ተነጣጥለው አይሠሩም የተባለው በዚህ ተረጋገጠ።

የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወት ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚተወው ትምህርት ከባድ አይደለም። ግብር ሰብሳቢው መዝገቡን ሲዘጋ የገባውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይጠይቅ፤ ነጋዴውም ቀረጡን ሲከፍል በመጨረሻ ማን ላይ እንደሚወድቅ ያስብ፤ ወጭ ፈቃጁም ገንዘቡ ከየትኛው ዐውድማ እንደ መጣ አይርሳ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ትልቅ ሹመት አያስፈልግም። ገብረ ሕይወት ራሳቸው ሲጠይቁት አንድ ጊዜ ስደተኛ፣ አንድ ጊዜም የጉምሩክ ሹም ነበሩ።